የገርባ ክንድ

የዚያን ቀን ሚኒባሱ ሞጆ ላይ አንድ ሰው ለመጫን ባይቆም ኖሮ፣ ኦቦ ጀቤሳ አዳማ ገብተው፣ የተላኩበትን አስቆርጠው፣ ደረታቸውን ነፍተው ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። ጥፋቱንም አብረው ተሸክመው ይመለሱ ነበር። ደግነቱ የሚኒባስ ረዳት ባዶ ወንበር እያየ ዝም ማለት አይሆንለትም። "አዳማ! የቀረው አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ሲጮህ አንዲት ወጣት ሮጣ ደረሰች።

ባዶው ወንበር ከኦቦ ጀቤሳ አጠገብ ነበር። ባዶ የቀረውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሽማግሌው በገመድ የተጠፈረ ትልቅ ካርቶን ጭናቸው ላይ ታቅፈው፣ የካርቶኑ ግማሽ ድንበር አልፎ የጎረቤቱን ወንበር ይዞት ነበር። ረዳቱ ከባቱ ጀምሮ "አባባ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ልስቀልልዎት" እያለ ቢለምናቸው፣ ቢቆጣቸው፣ ወይ ፍንክች!

"አካም ጅርቱ፣ አባ?" አለች ልጅቱ ጎንበስ ብላ።

"ፈያ፣ ኢንተላ ኮ። ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ይኼ ካርቶን እንዳይጎረብጥሽ" አሉና ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ለረዳቱ ያልሆነው ለጥሩ ሰላምታ ሆነ።

ሶረቲ ትባላለች። አዳማ ተወልዳ ያደገች፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ውስጥ የሚገቡና የሚወጡ ኮንቴነሮችን እየተቆጣጠረች የምትመዘግብ፣ ማታ ማታ ወደ እናቷ ቤት የምትመለስ ልጅ ናት። ኦቦ ጀቤሳ ደግሞ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው የጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው። ከመቂ እስከ አዳሚ ቱሉ ባለው ሜዳ የእሳቸው ዶማ ያላረፈበት መንደር ጥቂት ነው። ቀጭን፣ አጠር ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ያዩትን ሁሉ ካልለኩ አይሆንላቸውም።

ከከተማው ሳይወጡ መንገዱ ተዘጋጋ። ከፊታቸው ኮንቴነር የጫኑ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ሽማግሌው አንገታቸውን በመስኮቱ አስግገው አንዱን ኮንቴነር ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ሄዱበት።

"ይኼ የብረት ቤት ስንት ክንድ ይሆን?" አሉ፣ ለራሳቸውም ለሰውም በሚመስል ድምፅ።

"በክንድ አላውቀውም፣ አባ" አለች ሶረቲ ፈገግ ብላ። "እኛ ጋ ስሙ ባለ አርባ ጫማ ነው።"

"ጫማ?"

"ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ጫፍ ያለው። ፈረንጆቹ ድሮ በእግራቸው ነበር የሚለኩት፤ ልኩ እስከ ዛሬ ቀርቷል።"

"እነሱም?" አሉ ኦቦ ጀቤሳ ተገርመው። እኛን በክንዳችን ኋላ ቀር የሚሉን ሰዎች በእግራቸው ሲለኩ መኖራቸው እጅግ ደስ አላቸው። ትንሽ ሳቁ፣ ከዚያ በድንገት ሳቃቸውን አቁመው አፈጠጡባት። "የማን እግር ነው?"

"እንዴት?"

"የማን እግር ነዋ! የኔ እግርና ያ የቆመው ሾፌር እግር አንድ ነው? እሱን እይው፣ እግሩ ታንኳ ያህላል። በእሱ እግር ሠላሳ የሚሆነው በኔ አርባ ሊሞላ ይችላል። ባለ አርባ ጫማ ያሉት በማን ጫማ ነው?"

ሶረቲ ሞጆ ስትሠራ አራት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ዓመታት ስንት ሾፌር፣ ስንት አስመጪ፣ ስንት የተማረ ሰው አነጋግራለች፤ ይህን ጥያቄ የጠየቃት አንድም ሰው የለም። ትምህርት ቤት አልሄደም ማለት አልተማረም ማለት እንዳልሆነ እኔም ከዚህ ታሪክ ተምሬያለሁ።

"ባለ እግሩ ማን እንደነበር አላውቅም፣ አባ" አለች። "አንዳንዱ ንጉሥ ነበር ይላል፤ እኔ ምስክር አልሆንም። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ሰውየው ማንም ይሁን ማን ሞቷል፤ እግሩም አፈር ሆኗል። ከዚያ በኋላ ሰዎች ተስማምተው 'ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጫማ ማለት ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም' ብለው ቆረጡ። አርባ ጊዜ ሲደጋገም አሥራ ሁለት ሜትር ከሃያ ሊሞላ አንድ ሴንቲ የቀረው ይሆናል። ኮንቴነሩ ቻይና ተሠርቶ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ ሞጆ ሲገባ ያው ነው። አንድ ጣት አይዛነፍም።"

"የሞተ ሰው እግር ነው በይኛ" አሉ ኦቦ ጀቤሳ በሹፈት። "የኔ ክንድ ግን ከነነፍሱ አብሮኝ ይሄዳል። ሜትር ቤት ይረሳል፣ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ክንዴን ረስቼ ከቤት ወጥቼ አላውቅም! ስልሳ ሦስት ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፤ አንዱም ሜትር የሚባል ነገር አላየም። 'ጀቤሳ ክንድህ ልክ አይደለም' ብሎ የተመለሰ ውሃ አለ? የለም።"

"እውነትዎን ነው፣ አባ። ለመቆፈር ክንድ ይበቃል።"

ሽማግሌው ክርክር ጠብቀው ነበርና እሺታው ግር አላቸው። "ታዲያ ለምኑ ነው የማይበቃው?"

"ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?" ብላ ሶረቲ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰችላቸው።

ኦቦ ጀቤሳ ካርቶኑን እንደ ጥጃ አንገት ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አወጉላት። በመንደራቸው አንድ የጋራ ጉድጓድ አለ፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የቆፈሩት ራሳቸው ናቸው። አምና የመቅጃው ገመድ ከነባልዲው ተበጥሶ ሰመጠ፤ ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ በቆርቆሮ ተከድኖ ተቀምጧል። ሴቶቹ ሁለት ሰዓት በአህያ እየተጓዙ ከቦይ ይቀዳሉ። የልጃቸው ሚስት አያንቱ ሌሊት ወጥታ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው የምትመለሰው። በዚህ መካከል አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለመንደሩ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ ሰጣቸው። አንድ ብቻ፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለውም እሱ ነው። ኬብሉንና ቱቦውን ግን በልካችሁ አስቆርጡ ተባሉ።

"ባለሙያው ነግሮናል" አሉ ኦቦ ጀቤሳ። "ኬብሉ አንዴ ከተቆረጠ ቆርጦ መቀጠል አይቻልም፤ ውሃ ውስጥ ስፌት ይበላሻል። ፓምፑ ከውሃ በላይ ከቀረና አየር ከማገ ተቃጥሎ ያልቃል። ከታች ደለል ውስጥ ከገባም ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ ጉድጓዱን የሚያውቀው ጀቤሳ ይሂድ ተባለ። እኔም እያንዳንዱን ክንድ አውቀዋለሁ። ጉድጓዱ አርባ አራት ክንድ ነው። ከሥር ሦስቱ ደለል ነው። ውሃው በጣም በሸሸበት የድርቅ ዓመት ወደ ሠላሳ ስምንት ወርዶ ነበር። ስለዚህ ፓምፑ አርባ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል። ከሠላሳ ስምንቱ በታች፣ ከደለሉ በላይ። አበቃ!"

ሶረቲ ሂሳቡን ሰማች፤ አደነቀችውም። ከዚያ የገዛ ጥያቄያቸውን መለሰችላቸው።

"በማን ክንድ፣ አባ?"

ኦቦ ጀቤሳን የቆፈሩት ጉድጓድ ተደርምሶ መልሶ የያዛቸው ያህል ነበር።

"በኔ ነዋ!" አሉ ትንሽ ተቆጥተው። "ሌላ በማን ይሆናል?"

"አይቆጡኝ፣ አባ። ያልኩት ይህን ነው። ጉድጓዱ ውስጥ እያሉ ክንድዎም አፈሩም ውሃውም አብረው አሉ፤ ሊሳሳቱ አይችሉም። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሚኒባስ ሲሳፈር ነው። 'አርባ' የሚለው ቁጥር ዛሬ አዳማ ይገባል። ክንዱ አብሮት ካልገባ ግን ባለሱቁ በራሱ ክንድ ይተረጉመዋል። ከአንዱ ልክ ወደ ሌላው መሻገር የሚቻለው በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና የማይነቃነቅ ሲሆን ነው።"

"ታዲያ ክንዴ እንዳለ አብሮኝ አይደል እንዴ የሚሄደው?" ብለው ኦቦ ጀቤሳ እጃቸውን አንሥተው አሳዩዋት። የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሶረቲም አብራ ሳቀች። መኪናዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

አዳማ መናኸሪያ ሲደርሱ ልጅቱ ካርቶኑን በአንድ በኩል ያዘችላቸው። ሽማግሌ ሸክም ይዞ እያየች ወደ ቤቷ የምትሄድ አልነበረችም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ የዚያን ክንድ መጨረሻ ለማየት ቸኩላ ነበር።

የቧንቧና የኬብል ሱቁ ባለቤት ማናሴ ይባላል። ወፈር ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ገጠሬ ደንበኛ የሚያከብር ሰው ነው። አግዳሚ ወንበር አቀረበ፣ ውሃ አስመጣ፣ ከዚያ "ስንት ይሁንልዎ፣ አባባ?" አለ።

"አርባ ክንድ።"

"ሃያ ሜትር!" አለ ማናሴ ሳያስብ። "ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ነው። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚቆርጠው።" ኬብሉን ከጥቅሉ መምዘዝ ጀመረ፤ መቁረጫውንም አነሣ።

"እባክዎ አንዴ ይቆዩ" አለች ሶረቲ። "ሁለት ክንድ አንድ ሜትር የሚሆነው ክንዱ ልክ ሃምሳ ሴንቲ ከሆነ ነው። የኦቦ ጀቤሳን ክንድ ለክተነዋል?"

ማናሴ ሳቀ። "እህቴ፣ ስንት ዓመት የኖርንበት ነው እኮ።"

"እስቲ ለካ" አሉ ኦቦ ጀቤሳ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። ቁጣቸው በርዶ በቦታው ሌላ ነገር ገብቷል። ማወቅ አምሯቸው ነበር።

ማናሴ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ከክርናቸው እስከ መሐል ጣታቸው ጫፍ ዘረጋው። አርባ ስድስት ሴንቲ። ዓይኑን አሻሽቶ ደግሞ ለካ። አርባ ስድስት።

"የራስህንስ?" አሉ ሽማግሌው።

የማናሴ አርባ ስምንት ሆነ። ቧንቧ ሊገዛ ገብቶ የነበረ አንድ ግንበኛ "እኔንም ለኩኝ" ብሎ እጁን ሰጠ፤ አርባ ዘጠኝ ወጣ። የሶረቲ አርባ ሦስት ነበር። ሱቁ ውስጥ አራት ክንድ ተለካ፤ ሃምሳ የሞላ አንድም አልተገኘ። ኦቦ ጀቤሳ እንደ ሕፃን ተደሰቱ።

"አየህ ማናሴ፣ ሁለት ክንድ አንድ ሜትር የምትለው ሰውዬ እዚህ ሱቅ ውስጥ የለም! የት ነው ያለው?"

"ሃያ ዓመት ሙሉ እኔም ስሙን ስጠራ ኖሬ ሰውየውን አላየሁትም" አለ ማናሴ ጭንቅላቱን እያከከ። "ስንቱን ሰው አሳስቼው ይሆን?"

"ምናልባት ብዙም ላይሆን ይችላል" አለች ሶረቲ። "የአጥር ሽቦ ትንሽ ቢያጥር ወይም ቢተርፍ ሰው ይችለዋል። ይህ ፓምፕ ግን አይችልም። አሁን ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ክንድ አርባ ስድስት ሴንቲ ከሆነ፣ አርባው ክንድ አሥራ ስምንት ሜትር ከአርባ ይሆናል።"

ማናሴ "ደህና፣ አሥራ ስምንት ከአርባ" ብሎ ለካ፣ ምልክት አደረገ፣ መቁረጫውን ኬብሉ ላይ አሳረፈ።

"ተው!"

የጮኹት ኦቦ ጀቤሳ ነበሩ። ከአግዳሚው ተነሥተው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ማናሴ እጁን እንዳቃጠለው ሰው መቁረጫውን ለቀቀው።

"ምን ሆኑ፣ አባ?" አለች ሶረቲ ደንግጣ።

"የኔ ክንድ አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "ዋሽቼሻለሁ፣ ልጄ። ሆን ብዬ አይደለም። ልቤ ነው የዋሸኝ። ያንን ጉድጓድ የቆፈረው የኔ ክንድ ነው፤ የለካው ግን ገርባ ነው።"

ተቀምጠው አስረዷቸው። በእሳቸው አገር ጉድጓድ የሚቆፈረው በክንድ ተዋውሎ ነው። ቆፋሪው በገዛ ክንዱ ከለካ አሳጠረብን ይባላል። ስለዚህ አስቆፋሪዎቹ ከመንደሩ ሁሉ ክንደ ረጅም የሆነውን ሰው መርጠው፣ ገመዱን በእሱ ክንድ ያስለካሉ። በዚያ መንደር ደግሞ ከኦቦ ገርባ የረዘመ ሰው አልተወለደም።

"እኔ አርባ አራት ስል እሱ 'ገና ነው' ይለኛል! ክንዱን ሲዘረጋ የኔ ወገብ ነበር የሚቆረጠው። ሁለት ዓመት አኩርፌዋለሁ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠውም ነበር። የድርቁ ዓመት ሠላሳ ስምንትም የሱ ልኬት ነው። እኔ ቁጥሩን ይዤ ባለቤቱን ረሳሁት። ዕድሜ ልኬን 'ጀቤሳ የቆፈረው አርባ አራት ክንድ' እየተባለ ስሰማ የራሴ መሰለኝ። ወይኔ ጀቤሳ! በሰው ክንድ ተኩራርቼ የመንደር ውሃ ልቀብር ነበር!" ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትምም።

 ማናሴ "ኦቦ ገርባ በሕይወት አሉ?" ብሎ ጠየቀ።

"አለ፤ ቆሟል። የት ይሄዳል!"

"እንግዲያው ይደወልላቸው" አለች ሶረቲ።

"በስልክ ክንድ ይላካል?"

"ክንዱ አይላክም። ልኩ ግን ይላካል። ቤትዎ ተማሪ የለም? ማስመሪያ አይጠፋም።"

ተደወለ። አያንቱ ስልኩን አንሥታ ነገሩ እስኪገባት ድረስ ሦስት ጊዜ "አቤት?" አለች። ከዚያ የልጇን የፕላስቲክ ማስመሪያ ይዛ ወደ ገርባ ግቢ ሮጠች። ማናሴ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው፤ ግንበኛውም ጉዳዩን ትቶ ተጠጋ።

"ጀቤሳ!" የሚል ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ መጣ። "ዛሬ ደግሞ ክንዴን ለምን ፈለግከው? አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትረግመው ኖረህ!"

"ዝም ብለህ ዘርጋው፣ አንተ ግመል!" አሉ ኦቦ ጀቤሳ። "ግን በእርጅና አጥሮ እንዳይሆን።"

"ጥርሴ ረግፎ ይሆናል እንጂ አጥንቴ ያው ነው።"

"ክርንዎን ግድግዳው ላይ ያድርጉት፣ አባ" ስትል አያንቱ ተሰማች። ማስመሪያው ሠላሳ ሴንቲ ነው። አንዴ ሙሉውን ሄደ። እዚያው ላይ በከሰል ምልክት አድርጋ ደግሞ ቀጠለች። "አንድ ማስመሪያ ሙሉ፣ ከዚያ ሃያ ሦስት" አለች። ሶረቲ እንድትደግመው ጠየቀቻት፤ ደገመች። ያው ሃያ ሦስት።

"ሃምሳ ሦስት" አለ ማናሴ። "በስማም! ይኼ ክንድ ነው ወይስ የበር መቀርቀሪያ?"

ሶረቲ ወረቀት ልታወጣ ስትል ኦቦ ጀቤሳ እጃቸውን አነሡ። "ተይው፣ እኔ ልሞክረው። አራት ጊዜ ሃምሳ ሦስት…" ጣታቸውን እየቆጠሩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆዩ። "ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። አርባ ክንድ ደግሞ የዚህ አሥር እጥፍ ነው። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ሴንቲ።"

"መቶ ሴንቲ አንድ ሜትር ነው" አለች ሶረቲ።

"እንግዲያው ሃያ አንድ ሜትር ከሃያ።"

"ልክ ነዎት፣ አባ።"

ኦቦ ጀቤሳ ግን አልረኩም። የድርቁ ዓመት ትዝ ብሏቸው ነበር። ሠላሳ ስምንቱን ክንድ ከአርባው ላይ ሁለት ክንድ ቀንሰው አሰቡት። ከሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ላይ መቶ ስድስት ሲነሣ ሁለት ሺህ አሥራ አራት። ሃያ ሜትር ከአሥራ አራት ሴንቲ። ከዚያ ቀና ብለው ማናሴን አዩት።

"አንተ ሃያ ልትቆርጥልኝ ነበር።"

"ነበር" አለ ማናሴ።

"ውሃው በድርቅ ሃያ ከአሥራ አራት ላይ ይቆማል። ፓምፑ ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ተንጠልጥሎ አየር እየማገ ይቃጠል ነበር። በኔ ክንድ ብንቆርጠው ደግሞ ጭራሽ አንድ ሜትር ተኩል አልፎ ከላይ ይቀራል። ኧረ ተመስገን!"

"ደግሞ ይህን ይዩልኝ፣ አባ" አለች ሶረቲ። "በማናሴ ሃምሳና በኦቦ ገርባ ሃምሳ ሦስት መካከል ያለው ሦስት ሴንቲ ብቻ ነው፤ ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። አንድ ክንድ ቢሆን ማንም አይጣላበትም። አርባ ጊዜ ሲደጋገም ግን አንድ ሜትር ከሃያ ሆነ። ትንሽ ስህተት አንዴ ሲሆን ትንሽ ነው። በቁጥር ሲባዛ ግን እሱም አብሮ ይባዛል።"

ይህ ነገር ሽማግሌውን ከሁሉ በላይ ነካቸው። 

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ። "እንግዲያው ክንድ ውሸት ነው? አባቶቻችን ሲሳሳቱ ኖሩ?"

"አልተሳሳቱም፣ አባ። አባቶቻችን የለኩትንና የለካውን ሰው አብረው ያውቁ ነበር። 'የገርባ ክንድ' ይሉ ነበር እንጂ ክንድ ብቻ አይሉም ነበር። ስሙን የጣልነው እኛ ነን። አሁንም ክንድ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የማን እንደሆነና ስንት ሴንቲ እንደሆነ እስከተጻፈ ድረስ። ያን ጊዜ እንደዚያ የፈረንጅ እግር የቆመ ልክ ይሆናል። ወደ ሜትር ቢወስዱት፣ ከሜትር ቢመልሱት አይዛነፍም። በሃምሳ ሦስት አባዝቶ መሄድ፣ ለሃምሳ ሦስት አካፍሎ መመለስ ነው።"

"ሄዶ ካልተመለሰ መንገድ አይደለማ" አሉ ኦቦ ጀቤሳ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ። "ማናሴ፣ ቁረጥ። ሃያ አንድ ከሃያ። ግን ሁለት ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ።"

"ከጉድጓዱ አፍ እስከ መቆጣጠሪያው ያለውንስ?" ብሎ ማናሴ ራሱ ጠየቀ። እሱም ነገሩ ገብቶታል። ለእሱ አራት ሜትር ተጨመረ፤ ያም በሜትር ተለክቶ የመጣ ስለነበር ማንንም አላጨቃጨቀም።

ኬብሉና ቱቦው ከተቆረጡ በኋላ ኦቦ ጀቤሳ ሱቁ ጥግ የወደቀ ቀጭን የእንጨት ቁራጭ አይተው ለመኑት። ማናሴ ልክ አንድ ሜትር አድርጎ ቆረጠላቸው፤ ሶረቲ በአንዱ ገጽ ላይ በየአሥር ሴንቲው መስመር አሰመረችበት። በሌላው ገጽ ላይ ሃምሳ ሦስት ሴንቲ ላይ አንድ ጥልቅ መስመር አስቀረጹና "የገርባ ክንድ" ብላ እንድትጽፍበት አደረጉ። ከበታቹ በአርባ ስድስት ሌላ አጭር መስመር አለ። የማን እንደሆነ ግን ሲጠየቁ አይናገሩም።

"ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ ሲለያዩ አመስግነው፤ ጉንጯን ሳሟት። "የሞተ ሰው እግር ብዬ ስቄብሽ ነበር። ይቅር በይኝ።"

"እኔም ከእርስዎ ተምሬያለሁ፣ አባ። ነገ ሞጆ ስገባ 'የማን እግር ነው?' ብዬ ሰዎቹን እጠይቃለሁ።"

ፓምፑ በኅዳር ወር ገባ። ውሃው ወጣ፤ አያንቱም አህያዋን ለእንጨት ብቻ መጫን ጀመረች። ኦቦ ገርባ ጉድጓዱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ያስቆሙ ነበር። "ይኼ ውሃ በኔ ክንድ ነው የወጣው" ይላሉ። ኦቦ ጀቤሳም "በኔ ወገብ ነው እንጂ!" ብለው ይመልሱላቸዋል። ሁለት ዓመት የተኳረፉት ሽማግሎች ያን ሰሞን አንዱ ያለ አንዱ ውለው አያድሩም ነበር።

ኦቦ ገርባ በጥር መጨረሻ፣ ሦስት ቀን ብቻ ታመው አረፉ። ኦቦ ጀቤሳ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሱ። የኦቦ ገርባ ቁመት ረጅም ነበርና መቃብሩ ሲቆፈር "አልበቃም፣ ጨምሩ" ያሉት ኦቦ ጀቤሳ ናቸው። ልኩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በመጋቢት ድርቁ ጠና። የአካባቢው ቦይ ደረቀ፤ ከሁለት ጎረቤት መንደር ሰዎች ውሃ ለመለመን መጡ። የመንደሩ ማኅበር ገመድ ላይ ድንጋይ አሥሮ አውርዶ በኦቦ ጀቤሳ እንጨት ለካ። ውሃው ሃያ ሜትር ሊሞላ አሥር ሴንቲ ብቻ ሲቀረው ቆሟል። ፓምፑ ከሥሩ፣ ሃያ አንድ ከሃያ ላይ፣ ውሃ ውስጥ ነበር።

ያን ዕለት ኦቦ ጀቤሳ ሰዉን ሰብስበው ተናገሩ። ንግግር የሚወዱ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ተናገሩ።

"ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መንደር የሚለካ ነገር ሁሉ በሜትር ይጻፋል። ጉድጓድ ቢሆን፣ የእርሻ ወሰን ቢሆን፣ የቤት ጣሪያ ቢሆን። በክንድ የለካ ሰው አይከለከልም፤ ግን ክንዱን በዚህ እንጨት አስለክቶ ልኩን ያስጽፍ። ያን ጊዜ ቆፋሪና አስቆፋሪ አይጣላም፤ እኔና ገርባ የተኳረፍነውን ሁለት ዓመት ማንም አያባክንም። ከተማ የሚላክ ሰው ልኩን ይዞ ይሄዳል። አንዱ የለካውን ሌላው በሌላ አገር ሆኖ ይረዳዋል። ሰው ደግሞ ይሞታል፣ ወገኖቼ። ያን ቀን ያቺ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ባትሳፈርና ገርባን ሳናስለካው ቢሞትብን ኖሮ፣ የዚህ ጉድጓድ ልክ አብሮት መቃብር ይወርድ ነበር። ዛሬ ማን ዘንድ ሄደን እንጠይቅ ነበር?"

 የገርባ ባለቤት አደ አሳየች ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው መጡ።

"ያንን እንጨት አሳየኝ" አሏቸው።

ኦቦ ጀቤሳ እንጨቱን በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። አደ አሳየች ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጥልቁን መስመር በጣታቸው ፈልገው አገኙት። ክርናቸውን በእንጨቱ ጫፍ ላይ አድርገው ክንዳቸውን ዘረጉ። ጣታቸው መስመሩ ላይ አልደረሰም፤ አንድ የእጅ መዳፍ ያህል ቀረው። ያንን ባዶ ቦታ በሌላው እጃቸው ጣት እስከ መስመሩ ድረስ ሄዱበት።

"አዎ" አሉ። "የሱ ነው። ልክ እዚህ ድረስ ነበር።"

እንጨቱን ለኦቦ ጀቤሳ መለሱ፣ ጄሪካናቸውን አነሡና ቧንቧው ሥር አስቀመጡት። አያንቱ ከፈተችላቸው፤ ውሃውም መጣ።